64 ልጅ በቀጭን ድምፅ

ባለፈው ሐሙስ በእረፍት ሰዓት አዲሷ መምህርታችን ስታፍ ገብታ ተቀመጠች። ጉሮሮዋን ይዛለች። ሻይ በዝንጅብል ልታዝ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ሻይ ቡና የምታፈላልን ሴትዮ ወደ እኔ ዞራ "ምን ሆና ነው?" አለችኝ። "ሰባተኛ ሐ ገብታ ነው" አልኳት። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ዝንጅብሉን ጨመር አድርጋ አመጣችላት።

ልጅቷ ከደብተሯ ወረቀት ገነጠለችና ጻፈችልኝ። "እታለም፣ አንቺ እንዴት ነው ዝም የምታሰኛቸው?"

ደወል ተደወለና ተነሳን። መልሱ ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። ማታ እራት በልተን ልጆቹ ሲተኙ መጻፍ ጀመርኩ። ለእሷም፣ ዘንድሮ መስከረም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቾክ ለጨበጣችሁም ይሁን።

እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ኮሌጅ የጨረስኩት በ2005 ነው። በ2006 መስከረም ደሴ ተመደብኩ፤ ሒሳብ፣ ሰባተኛ ክፍል። ቤት እስካገኝ ድረስ ሁለት ወር ያህል በሚኒባስ ተመላለስኩ። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ናት፤ ግን ዳገቱ አያልቅም። ከኮምቦልቻ በስስ ሹራብ ተሳፍሬ ደሴ ስደርስ ጋቢ ያምረኛል። የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ይጠብቀኛል። እኔም ጥርሴ እየተንገጫገጨ ክፍል እገባለሁ።

ቁመቴ አጭር ነው። ድምፄ ቀጭን ነው። እናቴ "አንቺኮ ስትቆጪ የምትዘፍኚ ነው የሚመስለው" ትለኛለች። ክፍሉ ውስጥ 64 ልጆች አሉ። ኮሌጅ እያለን የአንደኛ ደረጃ መመዘኛው በክፍል 50 ተማሪ ነው ተብለን ነበር። አሥራ አራቱ ልጆች ይህን አልሰሙም መሰለኝ። ለሦስት በተሠራ ዴስክ አራት አራት ሆነው ተጨናንቀዋል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሦስተኛ ቀን ይመስለኛል። ኖት እየጻፍኩ ነው። ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ልሞላው ቆርጬ ተነስቻለሁ፤ ብዙ የጻፈች መምህርት ብዙ ያስተማረች ይመስለኝ ነበር። ከኋላዬ "እምምም" የሚል ድምፅ ተነሳ። አፍ ተዘግቶ በአፍንጫ የሚወጣውን ታውቁታላችሁ። ሁላችንም ተማሪ ሆነን አድርገነዋል። ዞርኩ። ጸጥ። 64 ንጹሕ ፊት። መጻፍ ጀመርኩ፤ "እምምም"፣ አሁን ከግራ በኩል። ዞርኩ፤ ከቀኝ ቀጠለ። ከንፈር አይንቀሳቀስ፣ ማንን ልያዝ? በአራተኛው ዙር ዳስተሩን ጠረጴዛው ላይ አጮህኩትና "ማነው?!" አልኩ። ድምፄ መሐል ላይ ተሰነጠቀ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የፊት ወንበር ላይ ያለችው፣ እስከዚያ ድረስ የእኔ ወገን መስላኝ የነበረችው ልጅ እንኳ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች።

ከጎን ክፍል የሚያስተምሩ አንጋፋ የአማርኛ መምህር ነበሩ። ጸጉራቸው ነጭ፣ ኮታቸው በቾክ ከጸጉራቸው የባሰ ነጭ። ስወጣ በረንዳው ላይ ቆመዋል።

"የኔ ልጅ፣ ስንት ደቂቃ ጀርባሽን ሰጠሻቸው?"

"አላየሁም፣ ጋሼ።"

"እኔ አይቻለሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ሰው ገበያ መሐል አሥራ አንድ ደቂቃ ጀርባውን ሰጥቶ ቢቆም ኪሱ ይተርፍለታል?"

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ አበሉም አይረሳም። ግን እሳቸው በረንዳ ላይ ካሉኝ የበለጠ የጠቀመኝ የለም። ክፍል የሚታወከው ተማሪ ሥራ ሲያጣ ነው። እናንተ ስትጽፉ፣ ስም ስትጠሩ፣ ደብተር ስትሰበስቡ፣ ቾክ ፍለጋ ቦርሳ ስትበረብሩ፣ በር ላይ ከመጣ ሰው ጋር ስታወሩ። እነዚያን ክፍተቶች የደፈነ መምህር መጮኽ ብዙም አያስፈልገውም። ያልደፈነ ደግሞ እንደ ነጎድጓድ ቢያጓራም እንደ እኛዋ ልጅ በዝንጅብል ነው የሚያበቃው።

እኔ የመጀመሪያውን ክፍተት የደፈንኩት በጆንያ ነው። ጋሼ ናቸው ያሳዩኝ። የማዳበሪያ ጆንያ በጀርባው ተገልብጦ ሲወጠር ነጭ ሰሌዳ ነው። ሰኞ ገበያ ወርጄ አምስት ባዶ ጆንያ ገዛሁ፣ አጠብኩ፣ ቀደድኩ። ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጥያቄዎቹንና ምሳሌዎቹን በማርከር እጽፋለሁ። ጠዋት እንደ ሰጋጃ ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ እገባለሁ። ሚስማር ላይ መስቀል አሥር ሰከንድ ነው። ከዚያ ፊቴ ወደ እነሱ ነው። አሥራ አንዱ ደቂቃ ወደ አሥር ሰከንድ ወረደ ማለት ነው። ሰሌዳ ላይ መጻፍ የግድ ሲሆን ደግሞ ጎን ለጎን ቆሜ፣ አንድ ትከሻዬን ወደ ክፍሉ አድርጌ እጽፋለሁ። ፊደሌ ትንሽ ይንጋደዳል። ይንጋደድ።

ሁለተኛው ክፍተት ስም መጥራት ነው። የክፍሉ ስም ጠሪ እኔ ነበርኩ። አንድ ስም አምስት ሰከንድ ቢወስድ 64 ስም 320 ሰከንድ ነው። አምስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ከ40 ደቂቃ ላይ ሄደ። በሳምንት አምስት ቀን ሲሆን ወደ 27 ደቂቃ ይጠጋል። የሒሳብ መምህር ሆኜ ይህን ያሰላሁት ኅዳር ላይ መሆኑ ያሳፍረኛል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ልጅ ቋሚ ቦታ ሰጠሁ። አሥራ ስድስት ዴስክ፣ በአራት ረድፍ። ካርታውን ካርቶን ላይ ሠርቼ ጠረጴዛዬ ላይ አኖርኩ። እነሱ ጆንያው ላይ ያለውን የመጀመሪያ ጥያቄ ሲሠሩ ባዶ ቦታውን አይቼ ምልክት አደርጋለሁ። ማንም ስሙ ሲጠራ አይሰማም፤ "አቤት"ን በሰባት ዓይነት ድምፅ የሚያሰማው ቀልደኛም ሥራ ፈታ። ለቦታው አንድ ምክር ልጨምር፤ ጓደኛሞችን ሁሉ አትለያዩ። ሁለት ጓደኛሞች አንድ ዴስክ ላይ በሹክሹክታ ያወራሉ። ከተለያዩ በክፍሉ ማዶ ለማዶ ነው የሚጠራሩት።

በረዶ የጣለበትን ቀን ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል።

መጋቢት 2006 ነው። የበልግ ዝናብ ገብቷል። የዚያን ጊዜ ክፍላችን ኮርኒስ አልነበረውም፤ ቆርቆሮው ራቁቱን ነው። ሦስተኛ ፔሬድ ላይ ከአዝዋ ገደል አቅጣጫ ጠቆረና በረዶ ለቀቀው። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የደሴ በረዶ ሰምታችሁ ካላወቃችሁ፣ አንድ መኪና ሙሉ ጠጠር ጣሪያችሁ ላይ ሲራገፍ አስቡት። የራሴን ድምፅ አልሰማም። ሌሎች መምህራን በየበሩ ቆመው በረዶ ያያሉ። እኔ ግን ለቀጣዩ ቀን ፈተና ነበረኝ፤ ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን ሳልጨርስ መውጣት አልቻልኩም።

ቾክ አነሳሁና ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ። −8 + 5 = ?

ዞሬ እጄን አነሳሁ፤ ጣቶቼን አሳየሁ። ወደ ላይ ከሆነ ከዜሮ በላይ፣ ወደ ታች ከሆነ ከዜሮ በታች። ሁለቴ በምልክት አሳየኋቸው። ከዚያ ወደ እነሱ ጠቆምኩ።

64 እጅ ወጣ። ግማሹ ሦስት ጣት ወደ ታች። የቀረው ሦስት ጣት ወደ ላይ፤ ምልክቷን የዘነጉት ናቸው። ከኋላ ያለው አንድ ልጅ ደግሞ 8 እና 5ን ደምሮ 13 አግኝቷል። አሥር ጣቱ አልበቃ ሲለው የጎረቤቱን እጅ ያዘና ሦስት ጣት ተበደረ። ጎረቤቱ ትክክለኛውን መልስ ሊያሳይ ጣቱን ለማስለቀቅ ይታገላል። ሳቅኩ፤ እነሱም ሳቁ። ሳቁም አልተሰማም። ሌላ ጻፍኩ። ሌላ። ሃያ ደቂቃ ያህል አንድ ቃል ሳይወጣኝ አስተማርኩ። ያን ያህል ዓይን በአንድ ጊዜ እኔ ላይ ተተክሎ አያውቅም። መስማት ስላልቻሉ ማየት ነበረባቸው። እኔም ማን እንደገባው፣ ማን እንዳልገባው፣ ማን ከማን እንደሚኮርጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ እይታ አየሁ።

በረዶው ሲያባራ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። አፌን ልከፍት ስል ድፍረት አጣሁ። ደግሜ ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ በረዶ ባይኖርም በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ድምፅ አልባ እናደርጋለን። ልጆቹ "በረዶ እንጫወት" ይላሉ። ያን ቀን ያልነበሩት የዛሬዎቹ ልጆች ስሙ ከየት እንደመጣ አያውቁም።

ኋላ ላይ ለዲግሪ ክረምት ክረምት ስማር አንድ መምህር ስለ ጃኮብ ኮኒን ነገረን። አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው ነው፤ በ1960ዎቹ ብዙ ክፍሎችን በቪዲዮ ቀርጾ አጠና፣ ውጤቱን በ1970 አሳተመ። (በፈረንጆቹ ነው።) ሥርዓት ያለው ክፍል ያላቸውና የሌላቸው መምህራን ልጅ ሲያጠፋ የሚያደርጉትን አወዳደረ። የሚለይ ነገር አላገኘም። ቁጣቸው ያው ቁጣ፣ ቅጣታቸው ያው ቅጣት። ልዩነቱ ጥፋቱ ከመምጣቱ በፊት በሚያደርጉት ላይ ነበር። ክፍሉን ሁሌ በዓይናቸው ይዘውታል፤ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው ሲሻገሩም ልጆቹን አያንገላቱም። ይህን ስሰማ ጋሼ ትዝ አሉኝ። ካሜራ ሳይኖራቸው፣ በእጅ ሰዓት ብቻ፣ በረንዳ ላይ ቆመው ደርሰውበታል።

የክፍል አለቃ ነገርም አለ። እኔ እንደ ሁሉም ሰው ጀመርኩ፤ መምህር ሲዘገይ ረባሽ ጻፍ አልኩት። አለቃው ጎበዝ ልጅ ነው፤ ዝርዝሩ በየቀኑ ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣል። ከስም አጠገብ የማባዣ ምልክት፤ ሦስት ምልክት ያለው ሦስት ጊዜ ረብሿል። እኔም አምኜ አንበረክካለሁ። ጥር አካባቢ ዝርዝሩን ከወር እስከ ወር ደርድሬ ሳየው የሚጻፉት ሁሌ እነዚያው ድሆቹ ናቸው። በእረፍት ቦንቦሊኖ የሚገዛ ልጅ ስሙ አንድም ቀን የለም። አለቃውን ጠራሁት። አልካደም፤ "ቲቸር፣ እነሱ ያካፍሉኛል" አለኝ፣ እንደ ተራ ነገር። ልጁን አልቀጣሁትም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ላይ ዳኝነት የጫንኩት እኔ ነኝ። አሁን አለቃዎቼ ስም አይጽፉም። ቾክ ያመጣሉ፣ ጆንያ ይሰቅላሉ፣ ዘግይቼ ከሆነ የመጀመሪያውን ጥያቄ ያስጀምራሉ። በየወሩም ይቀየራሉ።

ካንበረከክኳቸው አንዱ ሁሌም ሰኞ የሚጻፍ ልጅ ነበር። "ተኝቶ፣ ሲቀሰቅሱት ተሳድቦ" ይላል ዝርዝሩ። አንድ ሰኞ ሙሉ ፔሬድ ጥግ ላይ አንበረከክኩት። ተንበርክኮም እንቅልፍ ወሰደውና በግንባሩ ግድግዳውን መታ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ደነገጥኩ። በእረፍት ለብቻው ጠርቼ ጠየቅኩት። ሰኞ ሰኞ በሌሊት ተነስቶ የእናቱን ሽንኩርት ተሸክሞ ገበያ ያደርሳል፤ ቦታ ይይዝላታል፤ ከዚያ ነው ትምህርት ቤት የሚመጣው። አራት ወር አስተምሬው ይህን አላውቅም። ደሴ ላይ ሰኞ ምን ቀን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ለራሴ ጆንያ ስገዛ አውቄዋለሁ፤ ለእሱ ግን አላሰብኩለትም።

ወላጅ አስጠራሁ። አባትየው መጡ፤ ፊታቸውን ስንት ዓመት ፀሐይ እንደመታው እንጃ። "እትዬ፣ ቢያስፈልግ ይግረፉት፤ ዓይኑን ብቻ አደራ" አሉኝ። የእኔን ዕድሜ እጥፍ ሆነው እትዬ ሲሉኝ አፈርኩ። ልጃቸውን ልከስ ሳይሆን ይቅርታ ልጠይቅ እንደጠራኋቸው ስነግራቸው ግራ ገባቸው። መግረፍ እንደማይፈቀድ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው አስረዳኋቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝና "ታዲያ በምን ይቀጣል? ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል" አሉ። ተረቱን እኔም አድጌበታለሁ። በቂ መልስ ነበረኝ አልልም። ከልጁ ጋር የተስማማነው ግን ይህን ነው፤ ሰኞ የመጀመሪያው ፔሬድ ላይ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ እንቅልፍ ሲመጣበት ሳያስፈቅድ ወጥቶ ፊቱን ይታጠባል፤ በእረፍት ያመለጠውን ጥያቄ ይሠራልኛል። ማንበርከክን የተውኩት በዚያ ሰሞን ነው። ማንም ስላዘዘኝ አይደለም። ያ ግንባር ግድግዳ ሲመታ የሰማሁት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው።

ዳስተር ማጮኽንም ትቻለሁ። ይሄኛው ከ2014 ወዲህ ነው። ጦርነቱ ደሴ ደርሶ ካለፈ በኋላ ትምህርት ስንጀምር አንድ ልጅ ዴስክ ጣለ። ግማሹ ክፍል ከጠረጴዛ ሥር ገባ። ማንም አልሳቀም። እኔም ጎንበስ ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ድንገተኛ ድምፅ በእኔ ክፍል የለም። ጸጥታ ስፈልግ እጄን አነሳለሁ፤ ያየኝ ያነሳል፤ ያላየኝን ጎረቤቱ በክርኑ ይነካዋል።

ጥያቄ ስትጠይቁ ታገሡ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል ተመራማሪ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል እንደሆነ፣ ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲል ግን የልጆቹ መልስ እንደሚረዝምና እንደሚሻል አሳይታለች። ሦስት ሰከንድ ሲያወሩት ቀላል ነው። ክፍል ፊት ለፊት ቆሞ ለሚጠብቅ ግን ታክሲ ከመጠበቅ ይብሳል። እኔ ቾኩን በጣቴ ሦስት ጊዜ አዞራለሁ። ስም የምጠራውም ከጥያቄው በኋላ ነው፤ አስቀድሜ ከጠራሁ የቀሩት 63ቱ እረፍት ወጡ ማለት ነው።

ሁሉንም አውቄዋለሁ እያልኩ አይደለም። ዓርብ የመጨረሻ ፔሬድ እስካሁን ያሸንፈኛል። በ2017 ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጥመው ነበር፤ እዚህ ወሎ ደግሞ አንዱ ዴስክ ላይ ሁለቱም ጾመኛ ነው የሚቀመጠው። ስድስተኛ ፔሬድ ላይ ገብቼ ያየሁት ክፍል አይረብሽም፤ ግን የለም። ዓይናቸው ወደ መስኮት፣ ከንፈራቸው ደርቆ። እኔም ጾመኛ ነበርኩ። ከባዱን ወደ ጠዋት አመጣሁ፤ ከሰዓት ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሠራ እንዲያርሙ ሰጠሁ። ከዓመቱ ዕቅድ በሁለት ሳምንት ያህል ወደ ኋላ ቀረሁ፤ ሱፐርቫይዘሩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ጻፈና ሄደ።

ትናንት ሰባተኛ ሐ በር አጠገብ ሳልፍ ቆም አልኩ። አዲሷ ልጅ ድምፅዋ ገና አልተመለሰም። ሰሌዳው ላይ ግን ጥቂት መስመር ብቻ ነው ያለው፤ እሷም ፊቷ ወደ ልጆቹ ነው። ከኋላ በኩል "እምም" ብሎ የጀመረ አለ። ቃል አላወጣችም። በሁለት ረድፍ መሐል ቀስ ብላ ሄደችና ዴስኩ አጠገብ ቆማ የሌላ ልጅ ደብተር ማየት ጀመረች። ድምፁ እዚያው ቀረ።

በእረፍት ስታፍ መጣች። ብብቷ ሥር የማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልላ ይዛለች፤ ገና አልታጠበም፣ ይሸታል። ወንበር ስባ ተቀመጠችና በሰለለች ድምፅ ጠየቀችኝ።

"እታለም፣ ሚስማር አለሽ?"